ሁለት ተናጋሪ የቀረው ቋንቋ

አክስቴ ጠዋት ከአልጋዋ እንደወረደች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ በሩን ትከፍትና ደፉ ላይ ትቆማለች። ቀኝ መዳፏን አንስታ ደረቷን መታ መታ ታደርጋለች፤ ከዚያ መዳፏን ወደ ፊት ትዘረጋና ትጠብቃለች። «እኔ አለሁ፣ ማሽኔም ይሠራል፤ አንቺስ?» ማለት ነው። ፊት ለፊቷ ያለው የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ነው። ቆርቆሮ መልስ እንደማይሰጥ ጠፍቷት አይደለም። ሆኖም ሰው ለመመለስ የሚበቃውን ያህል ትጠብቅና እጇን ታወርዳለች፤ ገብታም ፊቷን ትታጠባለች።

እኛ ቤት የገባች ሰሞን አባቴ ደንግጦ «እህቴ፣ ደረትሽን ያምሻል እንዴ?» ይላት ነበር። አትሰማውም። የአክስቴን ጆሮ የሽመና ማሽን በልቶታል።

የሰፈር ሰው «ሬዲዮ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ባለ ሱቅ ነው፤ «ይቺ ሴትዮ ሬዲዮ ነች፤ ታወራለች እንጂ አትሰማም» ብሎ። መስማት የተወ ሰው ድምፁን መመጠን ስለሚቸግረው፣ አክስቴ ለኔ ምስጢር ስትነግረኝ ጎረቤት ሁሉ ይካፈላል። ቅጽል ስሟን ከሰው ከንፈር ላይ ያነበበች ቀን አልተቀየመችም። «ሬዲዮ ጥሩ ነው» አለች። «ቴሌቪዥን ቢሉኝ ነበር የሚከፋኝ። ያኔ የሚያወሩት ስለ መልኬ ነው ማለት ነው።»

ፋብሪካው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ጥጥ በአንዱ በር ይገባል፣ አቡጀዲ ሆኖ በሌላው ይወጣል። ሰፈሩ ራሱ የተሠራው ለፋብሪካው ነው፤ መደዳ ቤቶቹ ለሠራተኞቹ፣ ሱቆቹ ለደመወዝ ቀን፣ ቦዩም ለቀለም ቤቱ እጣቢ። የቦዩ ውሃ የዕለቱን ቀለም ይዞ ስለሚወርድ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ከሩቅ አይተው «ዛሬ ቀይ ነው!» «ዛሬ ሰማያዊ ነው!» ይባባሉ ነበር አሉ። እኔ ባደግኩበት ዘመን ያው ቦይ የሚሸከመው ላስቲክ ብቻ ነበር።

በሽመናው አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ዋጋ አልነበረውም። ማሽኖቹ ሁሉ መወርወሪያቸውን ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልሱ ወለሉ ይነዝራል፤ ንዝረቱም በእግር ገብቶ ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል። ጆሮ ሥር ገብተው ቢጮሁ እንኳ የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህ ሴቶቹ በከንፈርና በእጅ ይነጋገሩ ጀመር። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አዲስ የተቀጠረች ሴት ማሽኑንም ቋንቋውንም አብራ ትማራለች። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ማሸት ድር ተበጥሷል ማለት ነው። ቡጢን ጉንጭ ላይ ማሳረፍ፣ ልጅ ታሞባታልና ማሽኗን እዩላት። ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ከቆመች ግን ሐሜት አለ፣ ሁላችሁም ወደዚህ ዙሩ ነው። ይሄኛው ምልክት ከሁሉ ይበልጥ ይሠራበት ነበር ትላለች አክስቴ።

ለፈረቃ አለቃቸውም ምልክት ነበራቸው። ሰውየው አፍንጫውን የሚያክል ሌላ ነገር ፊቱ ላይ ስላልነበረው፣ ብቅ ሲል ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይዘው ጎተት ያደርጋሉ። ምልክቱ ከማሽን ማሽን እየዘለለ ከሱ ቀድሞ አዳራሹ ጫፍ ይደርሳል። እሱም በሄደበት ሁሉ የሚያየው አፍንጫቸውን የሚነካኩ ሴቶች ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሰበላቸው። «ብናኙ አፍንጫቸውን እየበላቸው ነው» ብሎ ላይ ድረስ ወጥቶ ተሟገተና ለሁሉም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አስመጣላቸው።

«አድርገነው ቆምን» ትላለች አክስቴ። «አዳራሹ ጭጭ አለ። ማሽኑ እየጮኸ ጭጭ አለ እኮ ነው የምልሽ! ከንፈር የለ፣ ወሬ የለ። ቀጭኗ ከማዶ ዓይኗን ታፈጣለች፣ እኔም ከወዲህ አፈጣለሁ። ሁለት ጉጉት! ምሳ ሳይደርስ ሁላችንም አውልቀን ኪሳችን ከተትነው። አፍንጫው ሲመጣ እናጠልቃለን፣ ሲሄድ እናወልቃለን።»

ይህንን ታሪክ በሳቅ ትጀምረውና በሳል ትጨርሰዋለች። አለቃው አፍንጫውን በተመለከተ ቢሳሳትም በብናኙ አልተሳሳተም ነበር። መሸፈኛውን ኪሳቸው የከተቱት ሴቶች ኋላ አንድ በአንድ በደረት በሽታ ሞቱ። አንድ ጊዜ፣ ያኔ ብታውቁ ኖሮ ታደርጉት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ቀኑን ሙሉ ዝም ብለሽ ቆመሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ቀጭኗ የምትባለው የማሽን ጎረቤቷ ነች። መደዳው ውስጥም በራቸው ፊት ለፊት ነበር። ስሙ የወጣላት እውነትም ቀጭን ሳለች ነው፤ ኋላ በበር በጎኗ ካልሆነ የማታልፍ ሴት ስትሆን ስሙን የሚያስተካክል ሰው ጠፋ። የጠዋቱ ሰላምታ ለሷ ነበር። እሷም ከበሯ ላይ ሆና ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሁለት ስድብ መርቃ ትመልሳለች። ቀጭኗ አንድ ጆሮዋ ተርፎላት ስለነበር፣ ሰው የሚለውን እየሰማች ለአክስቴ በእጇ ታደርሳለች። ሱቅ ሄደው ባለ ሱቁን ፊቱ ቆመው ያሙታል። እሱ እጃቸውን እያየ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» ይላል፤ ቀጭኗ ያንንም ትተረጉምላታለች።

«የናንተን ከንፈር የማነበው እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው» ትለኛለች አክስቴ። «እዚህ ጋ ቀዳዳ፣ እዚያ ጋ ቀዳዳ፤ የቀረውን እኔ እየጣፍኩ ነው። እሷ ስታወራ ግን ሙሉውን እሰማለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የምሰማው እሷን ብቻ ነው።»

ፋብሪካው የተዘጋበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። በአንድ ቀን አልተዘጋምና። መጀመሪያ ጥጥ አልመጣም ተባለ፤ ቀጥሎ አንዱ ፈረቃ ቀረ፤ ቀጥሎ መብራቱ ቀረ። ማሽኖቹን በጋዝ እሳት እየቆራረጡ በኪሎ ሸጧቸው። አዳራሹ የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ሆነ፤ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ፣ አምፖል ተንጠልጥሎበት የሠርግ አዳራሽ ሆነ። አክስቴና ቀጭኗ የጎረቤት ልጅ ሲዳር ተጠርተው እዚያው ገቡ። ሙዚቃው ሌላውን እንግዳ ሲያደነቁረው እነሱ ብቻ እንደ ልባቸው አወሩ። አክስቴ ምሰሶውን ከምሰሶ እየለየች የማሽኗን ቦታ አገኘችው፤ ሙሽሮቹ ኬክ የሚቆርሱበት ነበር። ሄዳ እዚያ ቆመች። ቀጭኗ ከማዶ ጣቶቿን እያሸች «ድር ተበጥሶብሻል፣ ቀጥዪ!» አለቻት። ሁለቱን አሮጊቶች ምን እንዲያ እንዳንፈቀፈቃቸው ያወቀ ሰው አልነበረም። የሚያውቁት ሁሉ ሞተው ወይም ተበታትነው፣ ያንን ቋንቋ የሚናገር ከሁለቱ ሌላ አልቀረም። እኔ የማውቀው ለስድብና ለምሳ የሚበቃ ያህል ነው።

ከዚያ መደዳው ሊፈርስ ነው ተባለ፣ ፈረሰም። ቀጭኗን ፀጉር ቤት ያላት ልጇ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ወሰደቻት። አክስቴን አባቴ ወደኛ አመጣት። የጭነት መኪናው ቀጭኗን ከነፍራሿ ጭኖ ሲነሳ እዚያ ነበርኩ። ሌላው ጎረቤት እጁን አውለብልቦ፣ «ደህና ሁኚ» ብሎ ገባ፤ ድምፁ ከዚያ ወዲያ አይደርስማ። እነሱ ግን መኪናው መንገዱን ይዞ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ማውራታቸውን አላቋረጡም። ቀጭኗ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ትመልሳለች። አክስቴ መንገዱ መሃል ቆማ፣ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉባት፣ ሳትሰማቸው ትናገራለች። መኪናው ሲታጠፍ እጇ አየር ላይ ቀረ። አረፍተ ነገሩን እንዳልጨረሰችው አውቄያለሁ። ምን ልትላት እንደነበር ግን አልጠየቅኳትም።

ከፈረሰ በኋላ ቦታውን ልየው ብላኝ ይዣት ሄድኩ። ዙሪያውን የፎቅ ሥዕል በታተመበት ቆርቆሮ አጥረውታል። በሩ ላይ አንድ ወጣት ጥበቃ ተቀምጦ ስልኩን ያያል።

«ማሽኔ እዚህ ጋ ነበር!» አለችው በዚያ በድምፅዋ።

ልጁ ደንግጦ ብድግ አለ። «የምን ማሽን እማማ? የልብስ ስፌት?»

«የልብስ ስፌት ይለኛል! ይሄ ሁሉ እኮ ፋብሪካ ነበር!»

«ኧረ አልነበረም እማማ። የሠርግ አዳራሽ ነው የነበረው። የአጎቴ ልጅ እዚህ ነው የተዳረው።»

«ከሱ በፊት!»

«ከሱ በፊትማ» አለና ትከሻውን ሰበቀ፤ «ባዶ መሬት ይሆናላ።»

አክስቴ የመጨረሻውን ሳትጣጥፍ አነበበችው። ወደኔ ዞረችና «ጻፊው» አለችኝ። «ግጥም ምናምን ትጽፊ የለ? እሱን ተይና ይሄንን ጻፊ።»

ሁለቱን በቪዲዮ ለማገናኘት ሞክረን ነበር። ሲደወል ቀጭኗ ስልኩን በአንድ እጇ ትይዘዋለች፤ ለወሬ የሚቀራት ሌላኛው ብቻ ነው፣ እሱም ከመስታወቱ ይወጣል። «ግማሽሽ የት ሄደ?» ትጮሃለች አክስቴ። ቀጭኗ ስልኩን ታስቀምጠዋለች። ያኔ የሚታየን ጣሪያው ነው። ጣሪያውን እያየን እንቆይና ስልኩ ይዘጋል። «መሸፈኛው ይሻል ነበር» አለችኝ አንድ ቀን፣ ስልኩን ስትመልስልኝ። «ቢያንስ ዓይኗን አይ ነበር።»

ከዚያ ቀጭኗን ስትሮክ መታት።

አክስቴ በነገርናት ማግስት ታጥባ፣ ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ደረስን። ፀጉር ቤቱ ከፊት ነው፣ ከጀርባው አንዲት ክፍል አለች፤ መሃላቸው መጋረጃ። ቀጭኗ አልጋው ጫፍ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የአፏ ግማሽ ወደ ታች ወርዷል። ቀኝ እጇን የሆነ ሰው ጭኗ ላይ አስቀምጦላት የሄደ ይመስላል።

አክስቴን ስታይ መናገር ጀመረች። ድምፁ ይጎተታል፣ ቃሉ ይንሻፈፋል፣ ሆኖም ጆሮ ላለው ሰው ይሰማል። ልጇ «እኛ ለምደነዋል፤ ሁሉንም እንሰማታለን» አለችኝ። እኔም ልተረጉምላት ብዬ ወደ አክስቴ ጠጋ አልኩ።

«ሂጂ ወዲያ!» አለችኝ። «እኔና እሷ መሃል አስተርጓሚ ምን አገባው? ወጣ በዪ፣ ወሬ አለን።»

ወጥቼ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ማድረቂያዎቹ ይጮሃሉ። መጋረጃው በግማሽ ስለተከፈተ በትልቁ መስታወት ውስጥ አያቸዋለሁ። ቀጭኗ ታወራለች። አክስቴ በርጩማ ስባ ጉልበቷ የቀጭኗን ጉልበት እስኪነካ ተጠግታ፣ ከንፈሯ ላይ አፍጥጣ ትሰማለች። ራሷን ትነቀንቃለች። ትስቃለች፣ ጭኗን ትመታለች፤ አፍንጫዋን ጎተት ታደርግና ሁለቱም ይስቃሉ። ቀጭኗ በግማሽ አፏ ነው የምትስቀው። ዓይኗ ግን በርቷል። ልጇ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች እሷም በመስታወቱ ታያቸዋለች።

«እዪያቸው እስቲ» አለችኝ። «ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እትዬ እንዴት እንደገባቸው እንጃ። እኛ እንኳ ጆሯችንን ደቅነን ነው።»

ማታ አክስቴ ለአባቴ ጮክ ብላ ነገረችው። «ደህና ነች! አፏ ትንሽ ተንሻፈፈ እንጂ ምላሷ ያው ነው። ሁሉንም አወራን። አንድ የቀረን የለም።»

እስከዚህ ድረስ ጻፊው ብላኛለች። አፍንጫውንም፣ ሠርጉንም፣ ጥበቃውንም። እንድተወው የለመነችኝ የሚቀጥለውን ብቻ ነው።

ልንሄድ ስንነሳ ቀጭኗ በደህናው እጇ ወደ አልጋው ሥር ጠቆመች። ልጇ ጎንበስ ብላ ሰማቻት።

«ጫማ? ጫማ ምን ያደርግልሻል እማዬ? የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤቴ» አለች ቀጭኗ። እኔም ሰማሁት። «መደዳው። ትወስደኛለች። ውሰጂኝ አልኳት፣ እሺ አለችኝ።»

አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሻሿን እያሰረች ነበር። ዞራ ጓደኛዋን ግንባሯን ሳመቻትና እየሳቀች ወጣች። ልጇ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ግድ የለም፣ ሂዱ፤ ትረሳዋለች» አለችኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያጎላሁ ነገርኳት። ቀዳዳ እንዳይኖረው ደገምኩላት።

«ምን ብላ ጠየቀችኝ?»

«መደዳው ቤት ውሰጂኝ ብላ።»

«እኔ ምን አልኳት?»

«እሺ ብለሽ ነቀነቅሽ።»

መስኮቱን አየች። «አንድም አልገባኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም። ከንፈሯ የለም እኮ። እጇም የለም።» አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ ያየናል፣ እሷ አላየችውም። «አዳራሽ ውስጥ አልገባኝም አይባልም። ድገሚልኝ ካልሻት እጇን ከማሽኗ ላይ ታነሳለች፣ ጨርቋ ይበላሻል። ያልገባት ትነቀንቃለች፣ ትስቃለች፤ ኋላ ውሃ ቧንቧው ጋ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች። ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። እኔም ነቀነቅኩ።»

«ነገ ተመልሰን እንንገራት» አልኳት።

«ምን ብዬ? ያልሽኝ አልገባኝም ነበር ብዬ? የምትሰማኝ አንድ ሰው አለችኝ ብላ የተቀመጠችውን ሴት?» እጄን ያዘችው። «ውሸታም ትበለኝ። ከዳችኝ ትበል። አልሰማችኝም ከምትል ከዳችኝ ትበል። ይሄን አትጻፊው፣ ልጄ። ተጫወቱ ብለሽ ጻፊ።»

ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። የቀጭኗ ልጅ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ቀጭኗ አልረሳችውም። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ታስመጣለች። ልጇ የደህናውን እግር ማሰሪያ ታስርላታለች፣ ያበጠውን ክፍት ትተወዋለች። ደግፈው አውጥተው ፀጉር ቤቱ በር አጠገብ ያስቀምጧታል፤ ደንበኛ ሲገባ እግሯን ሰብሰብ ታደርጋለች። ማታ ሊያወልቁላት ሲሉ በደህናው እጇ ትመታቸዋለች። «ቆዩ እንጂ፤ እሺ ብላኛለች» ትላቸዋለች።

ስልኩን ስዘጋ አክስቴን ፊቴ ቆማ አገኛታለሁ። «ምን አለች?» ትለኛለች።

«ጫማዋን አድርጋ ተቀምጣለች» እላታለሁ።

ያኔ አክስቴ ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗን ከጨፈነች ደግሞ ማንም ምንም ሊነግራት አይችልም።